ፋናዬ ራስ ዲካ ላይ የወደቀች ዕለት

ፋናዬ በዕድሜዋ ሙሉ መንገድ ላይ ወድቃ አታውቅም። ባሏ ገብረማርያም ሲሞት እንኳ ሌሎቹ ሴቶች መሬት ላይ ሲንከባለሉ እሷ ቆማ ነው ያለቀሰችው። ዕቃ የሚይዝላት ሰው አትፈልግም። ደረጃ ላይ እጁን የሚዘረጋላትን ጎረምሳ፣ «ለራስህ ያዝበት» ብላው ታልፋለች። እንግዲህ ይህችን ሴት ነው የልጅ ልጇ ፅዮናዊት ፊት ለፊቷ ተቀምጣ፣ «እማማ፣ ነገ ራስ ዲካ ሄደሽ እንድትወድቂልኝ ፈልጌ ነበር» ያለቻት።

ፋናዬ የምትልጠውን ሽንኩርት አስቀመጠች።

«ምን አልሽ?»

«እንድትወድቂልኝ። የእውነት ሳይሆን የውሸት። መንገድ ላይ ያዞርሽና ትወድቂያለሽ። ማን ቀድሞ እንደሚደርስልሽ፣ ምን ያህል ቆይቶ እንደሚደርስ እኛ ከሩቅ ሆነን እናያለን።»

«ዩኒቨርሲቲ ይሄን ነው የሚያስተምሯችሁ?»

«ርኅራኄን ነው የምናጠናው እማማ። ሰው የማያውቀውን ሰው ለምን ይረዳል? ሰው በተሰበሰበበት እርዳታ ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል? ውጭ አገር ያጠኑት ይዘገያል ይላሉ። ሁሉም ሌላው ይሂድ እያለ ቆሞ ይቀራል ይላሉ። እኛ ደግሞ ጅቡቲ ላይ እንዴት እንደሆነ ማወቅ ፈለግን።»

«ለዚህ ምን ጥናት ያስፈልገዋል? ወድቆ ማየት ነው።»

«እኛስ ምን አልን?» አለች ልጅቷ።

ፋናዬ ሽንኩርት የነካ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ጥናቱ የፅዮናዊት መመረቂያ ነው። አንድ ጎረምሳ ወድቋል፤ አንዲት ወጣት ወድቃለች፤ የሁለቱም ተመዝግቧል። የቀረው የአዛውንት መውደቅ ነው። ለዚህ ሥራ ያገኟት ሴትዮ ገና የመጀመሪያው ቀን ላይ ሰዎች ሊረዷት ብለው በትኩሱ ሂና በተቀባው ፀጉሯ ላይ አንድ ባልዲ ውኃ ገለበጡባትና፣ «ሁለተኛ አልወድቅም» ብላ ሄደች። መንገድ ላይ እንዲሠሩ የተሰጣቸው ፈቃድ ደግሞ የሚያበቃው ነገ ነው። መምህሯ ዶክተር ሙሚን የጎደለ ጥናት አይቀበልም። ያ ካልተሟላ ፅዮናዊት ጓደኞቿ ተመርቀው ሲሄዱ እሷ ቁጭ ብላ ልትቀር ነው።

ፋናዬን ያስጨነቃት መውደቁ አልነበረም። ማታለሉ ነው። ለዚህም ምክንያት ነበራት።

ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈራቸው፣ ከፋናዬ ቤት ፊት ለፊት፣ በር ለበር፣ ዙለይካ የምትባል የድሬዳዋ ሴት አለች። ሁለቱ አብረው ነው ያረጁት። አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ገንፎ ታገነፋ ነበር፤ ልጆቻቸውን እየተፈራረቁ ነው የገረፉት። ከዚያ ፅዮናዊት የሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ፈተናዋን፣ ባኩን፣ ያለፈች ጊዜ ፋናዬ ደገሰች። ለክርስቲያኑ የክርስቲያን፣ ለሙስሊሙ የሙስሊም ሥጋ አቀረበች። ለሙስሊም ጎረቤቶቿ በጉን የሰፈሩ ሙስሊም ባለልኳንዳ ነጅሙዲን ነው ያረደው። ድስቱ ለብቻ፣ እሳቱ ለብቻ፤ ጭልፋው ደግሞ እንዳይቀላቀል እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰረችበትና ራሷ እላዩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ይሄ ሁሉ ተደርጎ ዙለይካ ጥቂት እንደቀመሰች አፏን በሻርፗ ሸፈነች፣ ሳህኗን አስቀመጠች፣ ቃል ሳትተነፍስ ብድግ ብላ ወጣች።

ሰው ሁሉ አየ። ፋናዬ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት መጠየቅ አላስፈለጋትም። «ጭልፋ ቀላቀለችብኝ ብላ ነው» አለች። «ሰው አታልዬ የማላውቀውን እኔን ጠረጠረችኝ።» ይህንንም ለካርቲዬ ሁለት በሙሉ ተናገረች። ወሬው ዙለይካ ጆሮ ደረሰ፤ ዙለይካ ግን አዎም አላለች፣ አይደለምም አላለች። ከዚያ ወዲህ በር ሲከፍቱ ድንገት ከተገጣጠሙ አንዷ በሯን መልሳ ትዘጋለች። ያቺ ቀይ ክር የታሰረባት ጭልፋ ግን ከምስማሯ ላይ ሳትወርድ ተሰቅላ አለች። ፋናዬ ለሌላ ወጥ አላዋለቻትም፤ አልጣለቻትምም።

«አንቺ ልጅ» አለች ፋናዬ፣ «እኔ መንገድ ላይ የውሸት ወድቄ ሰው ሳሞኝ ያቺ ሴት ብትሰማ ምን የምትል ይመስልሻል? ‹አላልኳችሁም?› ነው የምትለው። ከዚያ ወዲያ ጭልፋዬን ማን ያምነዋል?»

«አትሰማም። ደንቡ ራሱ የማያውቁሽ ሰዎች መሀል ውደቂ ነው የሚለው። ለዚህ እኮ ነው ራስ ዲካ ያልነው። አንቺ ደግሞ ራስ ዲካ ሄደሽ አታውቂም።»

«ሌላስ ምን ይላል ደንቡ?»

«ከወደቅሽ በኋላ እኔ መጥቼ የግራ እግርሽን አውራ ጣት እስክነካሽ ድረስ ዓይንሽን አትገልጪም፣ አትናገሪም፣ አትነሺም። ከዚያ ግን ለረዳሽ ሰው እውነቱን መንገር አለብን።»

«ካሞኘሁ በኋላ አሞኝቼሃለሁ ብዬ ልናገር? ሌባ እንኳ እንዲህ አያደርግም።»

«ለዚህ ነው ጥናት እንጂ ሌብነት ያልሆነው።»

ፋናዬ ሽንኩርቷን መልሳ አነሳች። ልጅቷ ጠበቀች። ሽንኩርቱ ተልጦ አለቀ።

«ጉልበት ነው የሚቀድመው ወይስ ወገብ?» አለች ፋናዬ።

በማግስቱ ወደቡ ዳር ባለው ራስ ዲካ ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ አናት ትበሳለች። ባሕሩ ዝም ብሏል፤ ከጠበሳ ቤቶቹ የዓሣ ሽታ ከናፍታ ጋር ተደባልቆ ይመጣል። ፋናዬ ንጹሕ ነጠላዋን ለብሳ ከታክሲ ወረደች። የምትወድቅ ሴት አትመስልም፣ የምትድር ትመስላለች።

ዶክተር ሙሚን ሻይ ቤት ጥላ ሥር ስልኩን እንደያዘ ተቀምጦ ነበር። ቀጭን ነው፣ መነጽሩ ከአፍንጫው ይንሸራተታል። ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ጥሩ ነው።

«እማማ፣ ስለመጡልን እግዜር ይስጥልን።»

«ዶክተር ሲሉኝ መርፌ የሚወጋ መስሎኝ ነበር። አንተ ሰው እየጣልክ ነው ለካ የምትኖረው።»

«እኔ አልጥልም እማማ፣ የወደቀውን ማን እንደሚያነሳ ነው የማየው። እዚያ ግድግዳው ሥር ካርቶን አስቀምጠናል፣ የተጣለ ይመስላል፤ እሱ ላይ ቀስ ብለው በጉልበትዎ...»

«መውደቅ ታስተምረኛለህ? ትናንት ፍራሽ ላይ ስለማመድ ነው ያመሸሁት።»

«አንድ ነገር ብቻ እማማ፣ ቶሎ ብንጀምር ጥሩ ነው። ጫት ሳይገባ።»

ይሄንን ማስረዳት አላስፈለገውም። ጅቡቲ ውስጥ ጫት ከተማ ሲገባ መኪናው ሁሉ ጥሩንባውን እየነፋ ይሮጣል፤ ያኔ እንኳን አሮጊት፣ ጣቢያው ከነባቡሩ ቢወድቅ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ፋናዬ ብቻዋን መራመድ ጀመረች። ልቧ ይመታል። እንዲህ የመታው መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች፤ ልጅ ሆና፣ እናቷን ተደብቃ ገብረማርያምን ለማየት ጣቢያ የሄደች ቀን ይመስላታል። ደግሞም ሳቋ ይመጣል። አፈረች፣ ደስ አላት፣ ሁለቱም ባንድ ላይ። ካርቶኑ ጋ ስትደርስ ግንባሯን ያዝ አደረገች። ጫማዋን አወለቀች፣ ነጠላዋን ሰበሰበች፣ ተንገዳገደችና ወደቀች።

ጥሩ አወዳደቅ ነበር። ለራሷም ደስ አላት።

ከዚያ ዝም ሆነ። ዓይኗን ጨፍና ተኛች። የድንጋዩ ግለት በካርቶኑ አልፎ ወገቧን ይልሰዋል። መኪና አለፈ። ሌላ መኪና አለፈ። የእግር ድምፅ መጣ፣ ዘገየ፣ አለፈ። ፋናዬ ያላሰበችው ነገር መጣባት። «ማንም ባይመጣስ?» ለጥናቱ አይደለም፤ ጥናቱን ረስታዋለች። መሬት ላይ የተኛች አሮጊት ናት፣ ማንም አልመጣም። ይሄ የውሸት አልነበረም። ፍርሃቱ እውነተኛ ፍርሃት ነበር።

ያኔ ነው ሩጫውን የሰማችው። የነጠላ ጫማ ጥፍ ጥፍ፣ የአምባር ቅጭልጭል፣ የደከመ ሳንባ ሲያፏጭ።

«ፋናዬ!»

ፋናዬን የሚያውቃት ሰው በሌለበት ሰፈር ስሟ ተጠራ። የጠራውንም ድምፅ አወቀችው። በምድር ላይ ካለው ሰው ሁሉ ዙለይካ ነበረች።

የዙለይካ ልጅ ሙሰዲቅ ሱቁን ወደ ራስ ዲካ አዛውሯል። እናትየው ምሳውን ልታደርስለት መምጣቷ ነው። ሁለቱ የሚነጋገሩ ቢሆን ፋናዬ ይሄንን ታውቅ ነበር።

«ፋናዬ፣ ያ አላህ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ዙለይካ በጉልበቷ ተንበረከከች፣ የፋናዬን ራስ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች።  «ውኃ አምጡ!» አለች ባማርኛ፤ ቀጥላ በሱማሊኛ፣ ቀጥላ ባረብኛ፤ የገባው ሁሉ ይሩጥ ብላ። ራስ ዲካ ባንዴ ተነቃነቀ። ሻይ ቤቱ ወንበሩን ትቶ መጣ። ወደብ የሚሠሩት መጡ። አንዱ «ጥላ አድርጉላት» ይላል፣ አንዱ «አየር ስጧት» ይላል፣ አንዷ የፋናዬን እግር ይዛ ታሻለች፤ ደግነቱ ግራውን ሳይሆን ቀኙን ነው። ዓሣ ሻጩ በረዶ ከሚያስቀምጥበት ሣጥን በባልዲ ቀድቶ አመጣ። ዙለይካ ባልዲውን ከእጁ ነጥቃ እንዳለ ፋናዬ ላይ አፈሰሰችው።

ፋናዬ እንደዚህ ያለ ብርድ አይታ አታውቅም፤ እንደዚህ ያለ የዓሣ ሽታም እንደዚያው። ግን ዓይኗን አልገለጠችም። የልጅቷ መመረቂያ ነው። ጥርሷን ነክሳ ተኛች።

ያኔ ዙለይካ ባልዲውን አስቀመጠች።  ጎንበስ ብላ አፏን ፋናዬ ጆሮ ላይ አደረገችና ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ እንዲህ አለቻት፦

«አንቺ ውሸታም። ጫማሽን አውልቀሽ ነው የወደቅሽው።»

ፋናዬ ካርቶን ላይ በጫማ አትወጣም፤ ማንም ጨዋ ሰው አይወጣም። የተነጠፈ ነገር ስታይ እግሯ ራሱ ያወልቃል። ሁለቱን ጫማዎች ጎን ለጎን፣ አፍንጫቸውን ወደ መንገዱ አዙራ፣ መስጊድ በር ላይ እንዳለ አስቀምጣቸው ነበር።

«ራሷን የሳተች ሴት ጫማ ታሰልፋለች? ነጠላ ትሰበስባለች?» አለች ዙለይካ በጆሮዋ። «ከዚያ ማዶ ሳይሽ ልቤ ቆሞ ነበር እኮ፣ የልጄን ምሳ መንገድ ላይ ጥዬ ነው የመጣሁት። ምን እየሠራሽ እንደሆነ አላውቅም። ግን መናገር ያልቻልሽበት ቀን በመምጣቱ አልሐምዱሊላህ። ዛሬ ትሰሚኛለሽ።»

«ምን አለች? ተናገረች እንዴ?» አለ ከላይ አንድ ሰው።

«ዱዓ እያደረግሁላት ነው፣ ዝም በሉ» አለች ዙለይካ ጮክ ብላ። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ተመለሰች። «ለሰፈሩ ሁሉ ጭልፋዬን ጠረጠረች ብለሽ አወራሽ። እኔ ያንቺን ጭልፋ? ልጆቼን ያሳደገውን እጅ? ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? አትጠይቂም፤ አንቺ ሁሉን ታውቂያለሽ። እንግዲህ ስሚ። ጥርሴ ነው።»

ዙለይካ አፏን ይበልጥ አስጠጋች።

«የፊተኛው። ሰው ሠራሽ ነበር፣ አላወቅሽም፣ ማንም አያውቅም። የዚያ በግሽ አጥንት ነቀለው። አጥንቱ ላይ ተሰክቶ ሳህኑ ውስጥ ያየኛል። አፌን ብከፍት ድግሱ ሁሉ ሊያየኝ ነው፣ ብናገር ላፏጭ ነው። አጥንቱን ከነጥርሱ በሻርፔ ጠቅልዬ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ፣ እላዩ ላይ የቀረውን ሥጋ ግጬ በላሁት፣ ወላሂ፤ ጣፋጭ ነበር። ከዚያ ወሬሽን ሰማሁ። ምን ልበል? ጥርስ አልባዋ ዙለይካ ከምባል ክፉዋ ዙለይካ ብባል ይሻለኛል ብዬ ተውኩት።»

ሳቁ ከፋናዬ ሆድ ነው የተነሳው። አፏን ገጠመች፣ በአፍንጫዋ ሊወጣ መጣ፤ ትንፋሿን አፈነች፣ ትከሻዋ ጀመረ። አጥንት ላይ የተሰካ ጥርስ ሳህን ውስጥ ሆኖ ሲያይ ታያት። ሆዷ ተርገፈገፈ፣ እግሯ ተርገፈገፈ፣ ካርቶኑ ተንኳኳ።

«አንቀጠቀጣት» አለ ሰዉ።

«አዎ፣ ያንቀጥቅጣት፣ ይውጣላት» አለች ዙለይካ፤ የራሷም ድምፅ ሊከዳት ትንሽ ነው የቀረው። ሻርፗን አውልቃ የፋናዬ ፊት ላይ ጣል አደረገችላት፤ ፀሐይ እንዳያገኛት የምትከልላት መስላ ሳቋን ሸፈነችላት።

ያኔ የግራ እግር አውራ ጣት ተነካ።

ፋናዬ ተነስታ ስትቀመጥ ዓሣ ሻጩ ባልዲውን ጣለው። ፅዮናዊት በሱማሊኛ ለሰዉ አስረዳች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ አመሰገነች። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አጉረመረመ፤ ሻይ ቤቱ ወደ ሻዩ ተመለሰ። ፋናዬና ዙለይካ ግን ካርቶኑ ላይ እንደተቀመጡ ተያዩ። ይሄን ያህል ጊዜ ሳይተያዩ ቆይተው ሁለቱም አርጅተዋል።

«እስቲ አፍሽን ክፈቺ» አለች ፋናዬ።

ዙለይካ ከፈተች። «ድሬ ሄጄ አስተክያለሁ።»

«ወርቅ ነው?»

«ታዲያ ቆርቆሮ ላድርግ?»

«ብትነግሪኝ ምን ነበር?»

«ብትጠይቂኝስ ምን ነበር?»

ዶክተር ሙሚን መነጽሩን እያስተካከለ መጣ። ደስ ያለው አይመስልም። አንዴ ፋናዬን አንዴ ዙለይካን ያያል።

«እማማ፣ እኚህ ሴት ያውቁዎታል?»

«የዕድሜ ልክ ጎረቤቴ ናት። ከሁሉ ቀድማ የሮጠችው እሷ ናት፤ ጻፈው።»

«መጻፍ አልችልም። የምናጠናው ለማያውቁት ሰው የሚደረገውን ነው። የሚያውቁት ሰው ከደረሰ አይቆጠርም። ሌሎቹም የመጡት እሳቸው ስለጮሁ ነው፤ የነሱም አይቆጠርም።»

ፋናዬ ቱግ አለች። «የልጇን ምሳ መሬት ላይ ጥላ፣ በዚህ ጉልበቷ እየሮጠች መጥታ አይቆጠርም ትለኛለህ? ምን ዓይነት ቆጠራ ነው?»

«ልክ ነዎት፣ ርኅራኄ ነው። የኛ ጥያቄ መልስ ግን አይደለም።»

 ፅዮናዊት ስልኳን ወደ ቦርሳዋ ከተተችው። ፋናዬ ይሄንን ታውቀዋለች፤ ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሊያለቅሳት ሲል ዕቃ ትሰበስባለች። ራስ ዲካ ሁሉ አሁን ፋናዬን ያውቃታል፤ ልብሷ ውኃ ያንጠባጥባል፣ የዓሣ ሱቅ ትሸታለች። ፈቃዱ ዛሬ ያበቃል። ጫቱም ሊገባ ነው።

«ምንድን ነው እሱ፣ የሚያስፈልጋችሁ አሮጊት ነው?» አለች ዙለይካ።

ሁሉም ዞሩ።

«እዚህ አጠገብ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር ማንም አያውቀኝም። እኔ ልውደቅላችሁ።»

«አንቺ?» አለች ፋናዬ። «አንቺ መውደቅ ትችያለሽ?»

«ካንቺ የተሻለ እወድቃለሁ። እኔ ቢያንስ ጫማዬን አላሰልፍም።»

ዶክተር ሙሚን ሰዓቱን አየ፣ ፅዮናዊትን አየ፣ ደንቡን ለዙለይካ ባንድ ትንፋሽ ነገራት፣ እሺ ማለቷንም ሁለት ጊዜ ጠየቃት። ከዚያ ሁሉም መሮጥ ጀመሩ። ሁለቱ አሮጊቶች ፊት ፊት፣ አንዷ ደረቅ አንዷ ርጥብ፣ እየተከራከሩ።

«ጉልበትሽን አስቀድሚ።»

«አውቃለሁ።»

«ግንባርሽን ያዝ አድርጊ። ደግሞ እንዳትጮሂ፣ የወደቀ አይጮህም።»

«አንቺ ሴት፣ ላንቺ ውድቀት እኔ ነኝ የጮህኩት። ለኔም የሚጮህልኝ ይኑር።»

ቦታው ላይ ሲደርሱ ፅዮናዊት አያቷን ከአንድ ዛፍ ኋላ አቆመቻት። «ከዚህ እንዳትነቃነቂ። ሌላ የሚያውቃት ሰው ከደረሰ አልቆልናል።»

«እብድ ነኝ እንዴ? የውሸት መሆኑን እያወቅሁ ምን አባቴ ያነቃንቀኛል?»

ዙለይካ መንገዱ ዳር ላይ ተራመደች። ቆመች። አንድ እጇን ወደ ሰማይ አነሳች፤ ይሄ ትንሽ በዛ። ከዚያ ወደቀች። ካርቶን የለም፣ ምንም የለም። አንዱ ጫማዋ ተስፈንጥሮ አስፋልቱ መሀል አረፈ። አምባሯ ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ የተሰማው ድምፅ ፋናዬን ጀርባዋ ላይ መታት።

የውሸት መሆኑን ታውቃለች። ከሷ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። ጉልበት አስቀድሚ ብላ ያስተማረቻት እሷ ናት። እግሯ ግን ማወቋን አልጠየቃትም። አንድ አረንጓዴና ነጭ ታክሲ ጎማው እያፏጨ ቆሞ ሾፌሩ በሩን እንደከፈተ ሲዘል አየች። «ሆዮ፣ ሆዮ» እያለ፣ እናቴ እናቴ ማለቱ ነው፣ ሲንበረከክ አየች። ፅዮናዊት ሰዓት የምትይዝበትን ስልኳን ተጭና፣ «ደረሰ፣ ደረሰ፣ ተቆጠረ» ስትል ሰማች፤ ይህንንም የሰማችው እየሮጠች ነው። ልጅቷ ልትይዛት ስትል ነጠላው እጇ ላይ ቀረ፤ ፋናዬ ግን ሄዳለች።

ሾፌሩ ሰፊ ትከሻ ያለው የባልባላ ሰፈር ልጅ ነው። ዙለይካን እንደ ሕፃን አንስቶ የኋላ ወንበር ላይ አስተኛት። ፋናዬ ምን እንደምትል ሳታውቅ በሌላው በር ገብታ የዙለይካን ራስ ታቀፈች።

«እህትሽ ናት?» አለ በሱማሊኛ።

«ጎረቤቴ ናት።»

«አይዞሽ፣ ሐኪም ቤት አሁኑኑ ነው የምንደርሰው።» ጥሩንባውን ተጭኖ ተፈተለከ። ፋናዬ ዞር ብላ ብታይ ፅዮናዊት መንገዱ መሀል ቆማ ነጠላዋን እንደ ሰንደቅ እያውለበለበች ትዘላለች፤ ዶክተሩም አጠገቧ፣ መነጽሩን በእጁ ይዞ፣ እንደ ልጅ ይዘላል። ተሳክቶላቸዋል።

ፋናዬ የዙለይካን ግራ እግር አውራ ጣት ነካች። ዙለይካ አልተነቃነቀችም። ደግማ ነካች፣ ቆነጠጠችው። አንዱ ዓይን ተከፈተ።

«ተቆጥሯል፣ ተነሺ» አለች ፋናዬ ባማርኛ።

«ትንሽ ቆዪ። ልጁ ደስ ብሎት እየነዳ ነው፣ ምን አስቸኮለሽ?» ዓይኑ ተዘጋ።

ልጁ ቀይ መብራት ሰበረ። አንድ ከባድ መኪና ወደ ዳር ሸሸለት። «ሆዮ፣ ትተነፍሳለች?» ይላል እየደጋገመ፤ አንገቱ ላይ ላቡ ይወርዳል። ፋናዬ አንገቱን አየች። ያ ላብ የውሸት አልነበረም። እውነቱን የምትነግረው ልጅቷ ነበረች፣ ልጅቷ ግን ኋላ ቀርታለች። ፋናዬ ጉሮሮዋን ጠረገች። በሕይወቷ ብላው የማታውቀውን ነገር ልትል ነው፤ በሱማሊኛ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ከበዳት።

«ልጄ፣ ቀስ በል። አልታመመችም። አሞኝተንሃል። የዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው፣ ለወደቀ ሰው ማን እንደሚደርስ ለማየት ነው። አንተ ደረስክ። ይቅር በለን።»

መኪናው ቀዘቀዘ። ጥሩንባው ቆመ። ሾፌሩ በመስታወቱ ውስጥ ፋናዬን አየ፤ ዙለይካም ተነስታ ሻርፗን እያስተካከለች ነበርና እሷንም አየ። ፋናዬ ስድቡን ጠበቀች። ይገባኛል አለች በልቧ።

«ታዲያ ደኅና ናት?» አለ።

«ደኅና ናት።»

«ምንም አልሆነችም?»

«ምንም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ትንሽ ተነፈሰ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ይስቃል። «ከሩቅ እናቴ መስላኝ ነበር እኮ። በሉ ሁለታችሁ፣ የት ላድርሳችሁ?»

 ፋናዬ የዙለይካ አንድ እግር ባዶ መሆኑን አየች፤ ጫማው አስፋልቱ ላይ ቀርቷል። ነጠላዋም የለም። እንደ ሁለት እብዶች ናቸው።

«ካርቲዬ ሁለት» አለች ዙለይካ። «ይቺ ሴት ዘንድ ጨርሼ ያልበላሁት ምሳ አለኝ።»

ታክሲው ዞረ። ከፊታቸው የጫቱ መኪናዎች ጥሩንባቸውን እየነፉ ይመጡ ጀመር፤ ከተማው ሁሉ ወደዚያ ይሮጣል፣ እነሱ ብቻ ወደ ቤት ይሄዳሉ።

«ጭልፋሽስ?» አለች ዙለይካ በመስኮት ውጭ ውጭውን እያየች።

«ከነክሩ አለ» አለች ፋናዬ። «ይልቅ ነጅሙዲንን ለሥጋው እንጥራው። አጥንቱን አስቀድሞ እንዲያወጣልሽ እነግረዋለሁ።»